በአባቴ ጆሮ የተለካ ድምፅ

ሰመራ ውስጥ “ሪሲቨር ገዛሁ” ስል ሰው ሁሉ የዲሽ ሪሲቨር ይመስለዋል። “የኛም ተበላሽቷል፣ ከየት አገኘህ?” ይለኛል። የዲሽ አይደለም እላለሁ። ይሄኛው ከቴሌቪዥኑ ድምፁን ተቀብሎ፣ ለእያንዳንዱ ስፒከር ድርሻውን የሚያከፋፍል ትልቅ ጥቁር ሣጥን ነው። ሁለት ስፒከር ከፊት በግራና በቀኝ፣ አንድ መሃል ላይ፣ ሁለት ከኋላ፣ አንድ ወፍራም ቤዝ ደግሞ ጥግ ላይ። ማስረዳት ስጀምር ሰው ይሰለቸኛል። ባለቤቴም “ለሁለት ሰው ስድስት ስፒከር” ብላ ስቃብኛለች። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ጥሩ ድምፅ እወዳለሁ። አንዱ ለመኪና ይሞታል፣ ሌላው ለጫማ ይሞታል፤ እኔ የምሞተው ለድምፅ ነው።

ዕቃውን ያገኘሁት ዲቾቶ ነው። ለመስክ ሥራ ሄጄ ምሳ ስበላ፣ ከጅቡቲ የሚመላለስ አንድ ሹፌር ከጋቢናው አውርዶ ለምግብ ቤቱ ባለቤት ሲያሳይ አየሁ። ባለቤቱ “ለዚህ ቤት አይሆንም” ብሎ ሲመልስለት የኔ ቀልብ እዚያው ቀረ። ያገለገለ ዕቃ ነው። መመሪያ የለውም፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማይክሮፎኑ የለም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲገጠም ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ትንሽ ማይክሮፎን ይቀመጣል። መሣሪያው ከየስፒከሩ ድምፅ እያወጣ፣ ማይክሮፎኑ እየሰማለት፣ ራሱን በራሱ ያስተካክላል። ማይክሮፎን ከሌለ የሚቀረው በሰው ጆሮ መለካት ነው፤ አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሰማል፣ ሌላው ሪሞት ይዞ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ጆሮ እንደሆነ አይጠፋም ብዬ ገዛሁት።

በዚያ ሰሞን አባቴ እኛ ቤት ነበር። አባቴ የሚኖረው አዋሽ ነው። እኔና እህቴም የተወለድነው እዚያው፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው የሠራተኞች ሰፈር ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነው። እህቴ አዳማ ትኖራለች። አንድ ቀን ከአዋሽ የመጣ ሰው አግኝቷት፣ አባታችን የመኪናውን መንገድ ሲሻገር አንድ ከባድ መኪና ለጥቂት እንደሳተው ነገራት። “ሹፌሩ ጡሩንባ ሲነፋ ዞር እንኳን አላሉም” ነው ያላት። አባቴን በስልክ ስትጠይቀው “ምን ጡሩንባ? ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ነው የሚነዳው” ብሎ ዘጋው።

እህቴ በሰው ወሬ የምትረጋጋ አይደለችም። ጆሮው ደክሞ ከሆነ አዋሽ ብቻውን አይኖርም፣ ቤቱ ይዘጋል፣ እሱም ሰመራ እኔ ጋ ይሆናል ብላ ቆረጠች። “አንተ ጋ ትንሽ ይሰንብትና እየው። ይሰማል ወይስ አይሰማም? ቁርጡን ንገረኝ” አለችኝ። እሱን ግን “ልጅህን ጠይቀው እንጂ” ብላ ነው የላከችው። እኔና እሷ በየማታው በስልክ ስለ ኑሮው ስንመክር፣ ምክሩን የማያውቀው ባለ ጉዳዩ ብቻ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

እሱ ደግሞ ገና በመጣ በማግስቱ “መቼ ነው የምትሸኘኝ?” ማለት ጀመረ። ሙቀቱን አይደለም የጠላው፤ አዋሽ የኖረ ሰው በሙቀት አይታማም። የጠላው ሥራ ፈቶ መዋሉን ነው። አዋሽ ውስጥ የሚጠብቀው ሰው አለው፤ ጎረቤታችን ሐጂ። ሐጂ ከአባቴ ጋር ምድር ባቡር ገብተው አብረው የሠሩ፣ አብረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሰዓት አሰር ሰግደው ሲመለሱ አባቴ በቤታችን ግድግዳ ጥላ አግዳሚው ላይ ይጠብቃቸዋል፤ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ እዚያው ናቸው። ቦታቸው አይለዋወጥም። ሐጂ በግራ፣ አባቴ በቀኝ። ብዙ ሲያወሩ አላየሁም። ልጅ ሆኜ ዝም ብለው ለመቀመጥ ምን ያገናኛቸዋል እል ነበር።

የአባቴ ሥራ መስማት ነበር ማለት ይቻላል። ባቡር ጣቢያ ገብቶ ሲቆም፣ እጀታው ረጅም መዶሻ ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ እየሄደ የብረት ጎማዎቹን ይመታል። ደህናው ጎማ ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ የተሰነጠቀው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ያን መለየት ካልቻሉ ባቡሩ በረሃ ላይ ይወድቃል። እናቴ ገበያ ስትሄድ ይዛው ሄዳ ማሰሮውን ሁሉ በጣቱ ታስመታው ነበር። አንኳኩቶ “ይሄ ውሃ አይዝም፣ ተይው” ይላታል። ድምፅ መውደዴን ከሱ ነው የወረስኩት። እና የዚህ ሰውዬ ጆሮ ደከመ ሲሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እህቴ አበዛችው ነው ያልኩት።

ዕቃውን የገጠምነው አንድ ቅዳሜ፣ ባለቤቴ ሎግያ ገበያ በሄደችበት ጊዜ ነው። አባቴ ሥራ ሲያይ ፊቱ በራ። የሽቦዎቹን ጫፍ በቢላዋ ላጠልኝ፤ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር እያለ ከየስፒከሩ ጀርባ አሠረ። የኋላዎቹን ሁለቱን ከወንበሩ በስተጀርባ ግድግዳው ላይ ሰቀልናቸው። ከወንበሩ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ያለው ርቀት ለመሣሪያው ስለሚነገረው፣ አባቴ መለኪያ ገመድ ይዞ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፣ እኔ ጫፉን ጎተትኩ። የፊቶቹን ስፒከሮች ጥቁር ጨርቅ አይቶ “ለምንድነው የሸፈናችኋቸው? ጨርቁን አንሳላቸው፣ ይተንፍሱ” አለኝ። ለአቧራ ነው ብለውም እምቢ አለ። አነሳሁት፤ ክብ ሆዳቸው ወጣ።

ድምፅ ሲለካ ቤቱ ፀጥ ማለት አለበት። ኤሲውን አጠፋሁ። ቬንትሌተሩን አጠፋሁ። ፍሪጁን ነቀልኩ፣ መስኮቶቹን ዘጋሁ። በሰመራ ሙቀት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ሁለታችንም ሸሚዛችንን አውልቀን ላብ በጀርባችን ይወርዳል። አባቴ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠና “እንግዲህ ማይክሮፎኑ እኔ ነኝ” አለ። ሰመራ ከገባ ወዲህ እንዲያ ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው።

መሣሪያው ለመለኪያ የሚያወጣው ዜማ አይደለም። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከሩቅ የሚሰማው ዓይነት ሹሹታ ነው። ከአንዱ ስፒከር ይወጣል፣ ይቆማል፣ ከሚቀጥለው ይወጣል። ሥራው ከሁሉም አቅጣጫ እኩል እስኪሰማ ድረስ ማስተካከል ነው። ከግራው የፊት ስፒከር ጀመርኩ። አባቴ ትኩር ብሎ እያየው “ጨምር” አለ። ጨመርኩ። “ጨምር… በቃ” ብሎ መዳፉን አነሳ፤ ባቡር እንደሚያስቆም። መሃሉን አለፍን። ቀኙን “ቀንስ፣ ይጮሃል” አለኝ። ቀነስኩ። የኋላውን ቀኝ ገና ስከፍተው “ይሄ ደህና ነው” አለ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። የድሮው አባቴ፣ ከጎማ ጎማ የሚሄደው፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ የኋላውን ግራ ከፈትኩ።

“ቀጥል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?” አለኝ።

ሹሹታው ጀምሮ ነበር። እኔ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ነኝና ለኔም ሳሳ ያለ ነው። ዕቃው አሮጌ አይደል፣ ይሄኛው ደክሟል አልኩ በልቤ። ጨመርኩ። “አሁንስ?” “ትንሽ። ጨምር።” ጨመርኩ። “ጨምር።” አሁን ለኔ ጎላ ብሎ ይሰማኛል። ግን ልኩ የሚታወቀው ወንበሩ ላይ ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ያለውን ነው የሚሠራው። የስፒከሩ መጨመሪያ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው “አዎ፣ አሁን ገባ” ብሎ መዳፉን አነሳ። ኤሲውን ከፍቼ ሸሚዜን እየለበስኩ ለእህቴ የምላትን አዘጋጀሁ። ጆሮው ከኔም ከአንቺም ይሻላል፣ ሰውየውን ወደ ቤቱ እንስደደው ልላት ነው።

ባለቤቴ ከገበያ ስትገባ አባቴ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት። “ነይ ልጄ፣ ልኩ እዚህ ነው” አላት። ፊልም ከፈትኩ። ሁለት ሰዎች ገበያ መሃል ቆመው የሚያወሩበት ቦታ ነበር። ብዙም ሳትቆይ ግራ ጆሮዋን በእጇ ሸፈነች።

“ይሄ ከኋላ የሚጮህብኝ ምንድነው?” አለች እየሳቀች። “ሰዎቹ ፊት ለፊት፣ ገበያው በሙሉ ትከሻዬ ላይ።”

“አልለመድሽውም” አልኳት። ከድምፅ አዋቂ ጋር መኖር ቀላል አይደለም። “ተነሽ እስቲ።” ተቀመጥኩ።

እውነቷን ነው። ከኋላ በግራ በኩል ያለው ድምፅ ሁሉንም ውጦታል፤ ጆሮዬን ያመኛል። ሪሞቱን አንስቼ ልቀንስ ስል እጄ ቆመ። የደከመው ስፒከሩ አልነበረም።

ያን ጊዜ ብዙ ነገር ተከታትሎ መጣብኝ። ጨርቁን አስነስቶኝ የስፒከሩን ሆድ ትኩር ብሎ የሚያየው፣ የትኛው እየጮኸ እንደሆነ በዓይኑ ለመለየት ነው። ከኋላ የተሰቀለውን ማየት አይችልም። እዚህ ቤት ገበታ ሲቀርብ ግራ ጎኑን ለግድግዳው ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። በሠርጌ ቀን አጠገቡ ልቀመጥ ስል “በዚህ በኩል” ብሎ አዙሮኛል። ስልክ የሚይዘው በቀኙ ነው። እኔም፣ እህቴም፣ እናቴም ለዓመታት በቀኙ ነበርን። ማን እንዳስቀመጠን አስበን አናውቅም።

ቀና ስል አባቴ ፊቴን እያየ ነው። ፊቴ ላይ ያየውን አላውቅም። ነጠላ ጫማውን አድርጎ ወጣ። ባለቤቴ ዘንቢሏን አንስታ ወደ ማድ ቤት እያለፈች “ሂድ፣ ብቻቸውን አትተዋቸው” አለችኝ።

ውጭ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ፀሐይዋ ልትገባ ነው፤ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ በዋናው መንገድ ከባድ መኪናዎቹ ተከታትለው ወደ ሎግያ ይወርዳሉ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

“በዚህ ዙር” አለኝ፣ በቀኙ ያለውን ሲሚንቶ መታ መታ አድርጎ።

ዞርኩ። “ከመቼ ጀምሮ ነው አባዬ?”

“ሥራ ላይ እያለሁ ነው። አንድ ቀን ጎማ መታሁ፣ ድፍን አለኝ። ሐጂን ጠራሁት። መታውና ደህና ነው አለ። የሚቀጥለውን መታሁ፣ እሱም ድፍን። የሚቀጥለውም። ጎማ ሁሉ በአንድ ቀን አይሰነጠቅም። ያኔ ገባኝ። ግራዬ ሞቷል፤ ቀኙ ብቻውን ጥርቱን ከድፍኑ አይለይልኝም።”

“ለአለቆቹ አልተናገርክም?”

“ልናገር ነበር። ሐጂ ከለከለኝ። ‘ልጆችህን በምን ልታሳድግ ነው? አንተ ምታ፣ እኔ እሰማለሁ’ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ እመታለሁ፣ እሱ በግራዬ ቆሞ ይሰማል። ደህና ከሆነ ዝም ይላል። ካልሆነ ክርኔን ይይዘኛል። ጡረታ እስክንወጣ እንዲያ ሠራን። አንድም የተሰነጠቀ ጎማ አላሳለፍንም።”

“መኪናውስ?”

“ያን ቀን ሐጂ አልነበረም። ልጁ ታማበት ድሬዳዋ ሄዶ ነበር።” ወደ መንገዱ አየ። “ምን እንደምትመካከሩ አውቃለሁ። ክፉ አስባችሁ አይደለም። እዚህ ብሆን አልራብም፣ አልታረዝም፣ ሚስትህም እንደ አባቷ ነው የምታየኝ። ግን ልጄ፣ ግራ ጆሮዬ አዋሽ ነው ያለው። ከሱ ለይታችሁ አምጥታችሁኝ እዚህ ማን ሊሰማልኝ ነው?”

ቀናሁ ብል ውሸት አይሆንም። ስለ ድምፅ ሰው እስኪሰለቸኝ የማወራው እኔ ነኝ፤ የአባቴን ጆሮ ይዘው የኖሩት ግን ጎረቤት ናቸው። እኛን ያሳደገን ደሞዝ በሐጂ ጆሮ የተገኘ ነበር። አንድ ቀን እንኳን ለልጆቻቸው አላወሩትም፤ አውርተውት ቢሆን እኛ ጋ ይደርስ ነበር። እህቴ ያን ማታ ስትደውል “አዋሽ አደርሰውና እነግርሻለሁ” ብቻ አልኳት።

በሳምንቱ ይዤው ወረድኩ። ሲወጣ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆም ብሎ ባለቤቴን “በኔ ጆሮ አትሰቃዩ፤ ለራሳችሁ አስተካክሉት። የኔን ሌላ ቀን እንለካዋለን” አላት። ሚኒባሱ ውስጥ የግራውን መስኮት ያዘ፤ እኔ በቀኙ። ሚሌን፣ ገዋኔን አልፈን ወደ መልካ ወረር መገንጠያው ስንደርስ ከጥጥ እርሻ የሚመለሱ ሰዎች ገብተው መኪናው ሞላ፣ ወሬው ደራ። አባቴ ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ተኛ። እንዲያ ባለ ጫጫታ ውስጥ እንዴት እንደሚተኛ ልጅ ሆኜ ይገርመኝ ነበር።

አዋሽ ስንወርድ ሐጂ መንገዱ ዳር ቆመዋል። ነጭ ቆብ፣ ሽርጥ፣ ዱላ። ካየኋቸው ወዲህ ጎብጠዋል።

“አልሐምዱሊላህ፣ ለቀቁህ” አሉት።

“ለምን ይያዙኝ፣ ወንጀለኛ ነኝ?” አላቸው አባቴ። ሰላምታቸው ይኸው ነው።

ወደ ሰፈራችን ለመግባት ዋናውን መንገድ መሻገር ግድ ነው። ያን ሳምንት ያወቅኩትን ይዤ፣ ሻንጣውን በአንድ እጄ አንጠልጥዬ፣ በአባቴ ግራ ቆምኩ። ሐጂ መጡና ትከሻዬን በእጃቸው ገፋ አደረጉኝ።

“አንተ በዚያ በኩል ሁን ልጄ። ሻንጣው ይከብድሃል።”

ሻንጣው አይከብድም ነበር። ወደ ቀኝ ዞርኩ። ሐጂ በግራው ቆሙና የአባቴን ክርን ያዙ። ከወደ መተሐራ በኩል ከባድ መኪና ተጎታቹን እያንገጫገጨ መጣ፣ አለፈ፤ ሌላ ተከተለ፣ አለፈ። ከዚያ ሐጂ ክርኑን ለቀቅ አደረጉት። አባቴ እግሩን አነሳ። እስክንሻገር ድረስ ወደ ግራ አንድ ጊዜ እንኳን አላየም። ማዶ ስንደርስ ሐጂን ትንፋሽ አጠራቸው፤ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። አባቴም አብሯቸው ቆመ።

አግዳሚው ላይ አስቀምጫቸው ትንሽ ራቅ ብዬ ለእህቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስፒከሩን፣ መዶሻውን፣ መሻገሩን። “ስለዚህ ይሰማል” አልኳት። “ሐጂ አጠገቡ ካሉ ይሰማል። ቤቱ አይዘጋ።”



“ሐጂ ስንት ዓመታቸው ነው?” አለችኝ።

“አባዬን ይበልጡታል።”

“እሺ” አለች። ስልኩን ዘጋች።

ሰመራ ተመልሼ ከባለቤቴ ጋር እንደገና ለካነው። ኤሲውን አጠፋን፣ ፍሪጁን ነቀልን፣ እሷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ሪሞቱን ያዝኩ። የኋላውን ግራ ዝቅ፣ ዝቅ አድርጌ ከሌሎቹ እኩል አመጣሁት። አሁን ድምፁ እንደተመኘሁት ነው። ሰዎቹ ፊት ለፊት ያወራሉ፣ ገበያው ዙሪያቸውን ይንጫጫል፣ ጆሮ የሚያመው የለም። ከሥራ ስገባ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ያ ስፒከር ለአባቴ ጆሮ እንደገና የሚለካበት ቀን እንደሚመጣ አውቃለሁ። የሚመጣውም ሐጂ በግራው የማይቆሙ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከአዋሽ ስልክ ሲደወል መጀመሪያ ድምፁን እዘጋለሁ። አባቴ ስለ ሙቀቱ ያወራል፣ ስለ ጎረቤት ያወራል፣ እኔም እሺ፣ እሺ እያልኩ፣ “ሐጂም ሰላም ብሎሃል” እስኪለኝ ድረስ እጠብቃለሁ።